በይሉኝታ የወደቅን

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ዛሬ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጓንት ደርቤም ጣቶቼ ደነዘዙ። ሥራ ቦታ ከዛጎሉ ሥጋውን ስንፈለፍል ዋልን፤ አብራኝ የምትሠራው የጉንሆ እናት ስለ ምራቷ ስታወራ ዋለች። ምራቷ ኪምቺውን፣ የጎመን አቻሩን፣ ከሱቅ ትገዛለች አሉ። ጉድ ነው... እኔን ምን አገባኝ?

ወደ ማምሻው ላይ ልጄ ሄራን ከሥልጠና አዳራሹ መጣች። ጉንጯ ቀልቷል። በሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች ጀመረች።

"እማዬ፣ ዛሬ መምህር ታክን ጣልኩት!"

"ምን አድርጎሽ?"

"ምንም አላደረገኝም። እጄን ያዘኝ፣ አዙሬ ጣልኩት። ያንን የሚያክል ሰውዬ!"

ልጄ አርባ አራት ዓመቷ ነው። እንደ ሕፃን ስትዘል አየኋት። ከዶሲክ ከተፋታች ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። አሥራ ስምንት ዓመት ደበደባት። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ራስን መከላከል ትማራለች፤ ጥሩ ነው ብዬ ነበር።

እራት ላይ ስልኳን አሳየችኝ። ዶሲክ ነው የጻፈው። ቤቱን ሊለቅ ነው። የስፌት መኪናዋን መውሰድ ከፈለገች ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ፣ ትምጣ። "ብቻሽን ነይ። እናትሽን ካየሁ በሩን አልከፍትም" ይላል።

"እሄዳለሁ" አለች።

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን። ድሮ የነበረችው ሄራን እኮ የለችም።"

መምህር ታክን አላውቀውም። የዶሲክን እጅ ግን አውቀዋለሁ... ልጄ ፊት ላይ አይቼዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ሄራን ሩዝ እያጠበች ታንጎራጉራለች። መቼ ነበር ስታንጎራጉር የሰማኋት? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ሥራ ላይ ሴቶቹን ጠየቅኳቸው። ግማሾቹ እዚያ አዳራሽ ይማራሉ።

"ይሄ መምህር ታክ እውነተኛ ነው?"

"ግድግዳው ሙሉ የምስክር ወረቀት ነው" አለች የጉንሆ እናት። "አሁን ማንበብ ትችዪ የለ? ሄደሽ አንብቢ።"

ሳቁ። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ይኸው አምስት ዓመት ሙሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የገባኝ ነገር ቢኖር ወረቀት የጻፉበትን ሁሉ እንደሚሸከም ነው።

"ጆሮውን አላየሽም?" አለች ቦንግሬ። ከሁላችንም ትልቋ እሷ ናት። "የተጨማደደ ጆሮ። የታገለ ሰው ጆሮ ነው።"

"የእኔም ባል ጆሮው የተጨማደደ ነበር" አልኳት። "ከትራሱ በቀር የታገለው ነገር የለም።"

"አንቺ እንግዲህ..."

"ትሑት ነው እትዬ" አለች የጉንሆ እናት። "ለሁላችንም ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለን። አጭበርባሪ እንዲህ ያጎነብሳል?"

"ዶሲክም ለእኔ ወገቡ እስኪቀነጠስ ያጎነብስ ነበር።"

ከዚያ አንዷ ከወዲያ ማዶ፦ "ወታደሮች ያሠለጥን ነበር አሉ።"

"ማን አለ?"

"እሱ።"

ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይምጣ! ወረቀት፣ ጆሮ፣ ማጎንበስ፣ የራሱ አፍ... ጫማ ስንገዛ እንኳ አጥልቀን፣ ተራምደን ነው የምንገዛው። ሰው አስቀጥቅጦ ሊያስገድል የሚችል ነገር የሚያስተምረንን ግን በጆሮው እናምነዋለን።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ሄድኩ። አዳራሹ፣ መምህሩን ራሴ ላየው።

አምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ፊቱ ደግ ነው፤ ደግ ፊት ደግሞ አላምንም። "እማማ፣ መጡልን!" ብሎ ከወለሉ ብርድ እንዳይመታኝ መከዳ አነጠፈልኝ። ሴቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይያያዛሉ። አንዷ ታዞራለች፣ ሌላዋ ትወድቃለች። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ሄራን የጉንሆን እናት ደጋግማ ጣለቻት። እሷን የሚያክል ሰው እንደ ጆንያ ሲወድቅ ሳይ... ገረመኝ።

"ይሄን አያያዝ ሕፃን ልጅ እንኳ ግዙፍ ሰው ይጥልበታል" አለ መምህሩ። "ማን ይሞክረኝ?"

"እኔ" አልኩ።

ተሳቀ። ተነሣሁ። አልወድቅም ብዬ ቆርጬ ነው የሄድኩት። ይጣለኝ፤ እውነት ከሆነ ልጄ ትሂድ፣ ውሸት ከሆነም በሰው ፊት ይታይ።

"እጄን ይያዙኝ እማማ። አጥብቀው።"

አንጓውን ያዝኩ። ወደ ጎን ዞረ፣ ክንዱን አጠፈ። ምንም የተሰማኝ ነገር የለም። እጄ አልተጠመዘዘም፣ ጉልበቴ አልከዳኝም። መቆም እችል ነበር። አዳራሹ ሁሉ ያየኛል። ሄራን ለማጨብጨብ እጇን አንሥታለች። የሰውዬው ግንባር ላይ ላብ አየሁ... ዓይኑ ዓይኔን አየ...

ወደቅኩ።

ቀስ ብዬ፣ ዳሌዬን ጠብቄ፣ ወደቅኩለት። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው።

"አመመዎት እማማ?" ብሎ አነሣኝ።

"ኧረ አላመመኝም። ጎበዝ ነዎት!" አልኩት።

ጎበዝ ነዎት! ይሄ ምላስ ይቆረጥ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ለምን ወደቅኩ? ባሌ ሲሞት ያላለቀስኩ ሴት ነኝ፤ ምን ይሉኛል ብዬ አላውቅም። ለማላውቀው ሰው ግን ምንጣፍ ላይ ተዘረርኩለት። እንዳያፍር ብዬ። እኔ!

ሄራን "አየሽ አይደል እማዬ?" ትለኛለች። "አንቺን እንኳ ጣለሽ!"

ምን ልበላት?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ቀኑ ቀረበ። ዛሬ ሥራ ላይ ድፍረት አገኘሁ። የጉንሆን እናት ጠጋ አልኳትና፦ "እውነቱን ንገሪኝ። መምህሩ ሲጥልሽ፣ ጥሎሽ ነው ወይስ ወድቀሽለት?"

የያዘችው ቢላዋ ቆመ።

"...ወድቄለት" አለች። ወዲያው ግራ ቀኝ አየች። "ግን እኔን ብቻ ነው። ሌሎቹን በደንብ ነው የሚጥላቸው።"

ቦንግሬ ሰማች። "እኔማ ወገቤን ስለሚያመኝ ቀድሜው ነው የምተኛው። ሌሎቹን ግን እውነት ነው።"

"እኔም እኮ..." አለች ሦስተኛዋ። "ሌሎቹን ግን..."

ሌሎቹን ግን! ሁሉም እንዲህ ይላሉ። ሌሎቹ የሚባሉት የት ነው ያሉት? ተያየን። መጀመሪያ ቦንግሬ ፈነዳች፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ዛጎሉ ከጠረጴዛው እየተንከባለለ ወረደ፣ አለቃው ብቅ ብሎ "ምን ተገኘ?" እስኪል ድረስ።

"ታዲያ ምን ይደረግ?" አለች ቦንግሬ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። "የዕረፍት ጊዜውን ሰጥቶን ይመጣል። ሳንወድቅ ፊቱ ቆመን እንቅር? ነውር አይደለም? እሱም ለእኛ ይወድቃል እኮ።"

እሱ ለእኛ ይወድቃል፣ እኛ ለእሱ እንወድቃለን።

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። የጉንሆን እናት አየኋት።

"ሄራን ስትጥልሽስ?"

ዛጎሉን ታገላብጣለች።

"ጠየቅኩሽ እኮ።"

"እትዬ ማልሱን... ልጅቷ እኔን ስትጥል ትስቃለች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ።"

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

ሁሉም ሆን ብለው እንደሚወድቁ ለሄራን በቃል ነገርኳት፤ አላመነችኝም። "አንቺ መቼ ሰው አምነሽ ታውቂያለሽ?" አለች። እውነቷን ነው።

"እንግዲያው እኔን ጣዪኝ" አልኳት።

"እሰብርሻለሁ እማዬ።"

"ስበሪኝ።"

ወጥ ቤቱ መሐል ቆምን። አንጓዋን ያዝኩ። በዚህ ስንት ዓመት ዛጎል በያዘ እጅ፣ የምሬን። ፈገግ እያለች እንደተማረችው ዞረች። አልለቀቅኩም። ደግማ ዞረች፣ ክንዷን አጠፈች፣ ወደ ታች ጫነች። ፈገግታው ጠፋ።

"ለቀቅ አድርጊ እንጂ!"

"እሱንም እንዲህ ትዪዋለሽ?"

ቆመች። የያዛትን እጅ ቁልቁል ታየዋለች። እጁ የእኔ ነው፤ የምታየው ግን የእኔን አልነበረም። ያ ፊቷ መጣ... የማውቀው ፊት። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ያኔ ለቀቅኩ።

አንጓዋ ላይ የጣቶቼ ምልክት ቀልቶ ቀረ።

"አንዲት ነገር ነበረችኝ" አለች። "እሷንም ወሰድሽብኝ።"

ክፍሏ ገባች። ፍርሃቷን መልሼ ሰጠኋት። እንዲህ የምትሠራ እናት ናት?

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

አታናግረኝም። ሾርባዋን ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ጠጣች። እጅጌዋን እስከ መዳፏ ስባዋለች።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ከሥራ በቀጥታ፣ የጎማ ጫማዬን እንዳደረግኩ አዳራሹ ሄድኩ። ሴቶቹ ገና አልመጡም። መምህር ታክ ብቻውን ምንጣፍ ያነጥፋል።

"መምህር፣ ያን ዕለት ወድቄልዎት ነው።"

ሳቀ። "እማማ ቀልደኛ ነዎት።"

"አልቀለድኩም። የጉንሆ እናትም ወድቃልዎት ነው። ቦንግሬም። ሁላችንም።"

የያዘውን ምንጣፍ አስቀመጠ። አሁን ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣም፤ ሌላውን የጠበቅኩትን ሰበብ አቀረበ፦ "እንዳልጎዳዎት ብዬ ነው እኮ ያልጨከንኩት።"

"እንግዲያው አሁን ይጨክኑ።"

እጁን ዘረጋ። ያዝኩ። ዞረ። አልሆነም። በሌላ በኩል ዞረ። አልሆነም። ፊቱ ቀላ። በመጨረሻ እኔንም ምንጣፉ ላይ እየጎተተ እጁን አላቀቀ። በጉልበት ነው ያላቀቀው። ጉልበት ያላት ሴት፣ መምህር ምን ያደርግላታል?

እሱም ገባው። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

"እኔም ለመምህሬ ስወድቅ ነው የኖርኩት" አለ። "ወጣትነቴን በሙሉ። በልቤ 'እኔ ስለማልረባ ነው ያልተሰማኝ፣ ሌሎቹ ይሰማቸዋል' እል ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው፤ እንዴት ብዬ ቆሜ እቀራለሁ?"

"እሳቸውስ?"

"እሳቸውም ለመምህራቸው..." አልጨረሰውም።

አጭበርባሪ ልለው፣ አፈር ብላ ልለው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ስድቡ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። እሱ አላታለለንም። እኛ ነን እሱን ስናታልለው የኖርነው፤ ከእሱ በፊትም ሌሎች አታለውታል። በአክብሮት።

የሄራንን ነገር ነገርኩት። ቅዳሜውን፣ መኪናዋን፣ ዶሲክን። ፊቱ ደም የሌለው ሆነ።

"ብቻዋን? ማን አይዞሽ ሂጂ አላት?"

"እርስዎ ናችኋ" አልኩት። ከንዴቴ ብዛት አነጋገሬም ጠፋብኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ሁሉም ባሉበት ተናገረ። ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ እንደተቀጣ ተማሪ።

"ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ካልተጣለ አይውደቅ። እኔም አልወድቅላችሁም። ያስተማርኳችሁን ሁሉ እንደገና እንሞክረው፤ የማይሠራውን እንጥለዋለን።"

ሞከሩ። የማይሠራው ብዙ ሆነ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት ቦርሳዋን አነሣች። "ትልቅ ሰው በሴት ፊት ራሱን እንዲህ ያዋርዳል? ደስ አይልም" ብላ ወጣች። ሁለቱ ተከተሏት። ጎንበስ ብሎ ሸኛቸው።

ለቀረነው መጮኽና መሮጥ አስተማረን። ይሄንንስ ማን ያጣዋል? አልኩ በልቤ። ለካ እናጣዋለን። የቦንግሬ ጩኸት "ይቅርታ፣ አስቸገርኩ" የሚል ይመስላል። የጉንሆ እናት አፏን በእጇ ሸፍና ነው የጮኸችው።

"ማንን ነው የሚፈሩት?" አላት።

"ጎረቤቱን እንዳልረብሽ ነዋ!"

ሄራን አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ከፈተች... ትንፋሽ ብቻ። መምህሩ ቀረብ ብሎ፣ ሁሉም እየሰማ፦ "የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እንዳትሄጂ። ያስተማርኩሽ ነገር አይሠራም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም" አላት።

እሱንም እኔንም አላየችም። ወደ ቤት ስንመለስ ፊት ፊቴ ሄደች፤ አልጠበቀችኝም።

ይሄን ሰውዬ አሁን ምን ልለው? ብዙ አዋቂ ነኝ ባይ አይቻለሁ። ሐኪም፣ ሰባኪ፣ የምርጫ ተወዳዳሪ። "ተሳስቻለሁ፣ አትሂጂ" ያለ ግን አላየሁም። ትንሽ አመንኩት። ትንሽ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ዛሬ ተናገረች። ፊቷን ሳትመልስ፣ ዕቃ እያጠበች።

"መኪናዋን እፈልጋታለሁ እማዬ። በራሴ ገንዘብ የገዛኋት እሷን ብቻ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እሷን ካገኘሁ ሱቅ እከፍታለሁ። ያንቺን ሩዝ ስበላ አልኖርም።"

"ብዪው። ማን ከለከለሽ?"

"ብቻዬን ካልሄድኩ አይሰጠኝም።"

እንሂድልሽ አልኳት፣ እኔና የጉንሆ እናት፣ መምህሩም ልምጣ ብሏል። ራሷን ነቀነቀች። ሰው ካየ በሩን አይከፍትም። ትሂድ አትሂድ አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

ጠዋት ካፖርቷን ለበሰች።

በሩ ላይ ልቆም አስቤ ነበር። አንጓዋን ልይዝ። ያ ቀን ትዝ አለኝ፤ እጆቼን ጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው። ጫማዋን አደረገች። ከዚያ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብላ ስልኳን አውጥታ ዶሲክ ጋ ደወለች።

"መኪናዋን በሩ ላይ አውጣልኝ" አለችው። "ሰው ልኬ አስወስዳለሁ።"

ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። "ብቻሽን ነይ አልኩሽ! አለዚያ ወስጄ ባሕር ውስጥ ነው የምጥላት።"

ጣቷ የጫማዋን ማሰሪያ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

"ጣላት" አለች።

ዘጋችው። ካፖርቷን አወለቀች፤ ለመኪናዋ አለቀሰች፤ ሰው እንደሞተባት አለቀሰች። አላባበልኳትም። አያውቅበትም እጄ። የገብስ ሻይ አፍልቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት።

ጠጥታ ስትጨርስ ተነሣች።

"እማዬ፣ ያዢኝ።"

"ምን?"

"እንደዚያ ቀን። አጥብቀሽ።"

አልፈለግኩም። በሞቴ አለችኝ። ያዝኳት። አልዞረችም፣ ክንዷን አላጠፈችም። ዓይኔን አየችኝና አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከዚያ...

ያን ድምፅ እንዴት ነው የምጽፈው? የድስቱ ክዳን የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ድመታችን ከመስኮቱ ዘላ ወጣች። ከእኔ ማሕፀን የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ይዞ ይኖር ነበር? ለቀቅኳት። ደንግጬ፣ ሳላስበው ለቀቅኳት።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተደበደበ። የቀኝ ጎረቤታችን፣ የአሣ አጥማጁ ሚስት፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ በእጇ ጭልፋ ይዛ። ከኋላዋ ባሏ። ከባሏ ኋላ የፎቁ ልጅ።

"የታለ?" ትላለች ጭልፋውን ከፍ አድርጋ። "የታለ እሱ?"

"ማንም የለም እትዬ" አለች ሄራን፤ ድምፅዋ ጎርንኗል፣ ትስቃለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። "እየተለማመድኩ ነው።"

ገቡ። የገብስ ሻይ ቀዳሁላቸው። ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ልቧን እያሸች "ነፍሴን ነው ያወጣሽው፣ ደግ አደረግሽ" ትላታለች።

ዶሲክ ቤት ግድግዳው ከዚህ ይሳሳል። ግራና ቀኙ ሰው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ያንን በር አንድም ሰው አንኳኩቶት አያውቅም።